ለእርቅ የተነዳችው ፍየል

ከወሎ አምጥተው አሶሳ ዳር ሲያሰፍሩን፣ ከአገሬው ሰው መጀመሪያ የተወዳጀኋት ጎረቤት መንደር የምትኖር የበርታ ሴት ነበረች። ሃይማኖታችን አንድ ስለሆነ "አብሽሪ" ስላት ይገባታል። አንዲት ልጇን ኩርሙክ ድራለች። ኩርሙክን ወንዝ ነው የሚከፍላት፤ ወዲህ የእኛ፣ ወዲያ የሱዳን። ልጅቷ ወዲያ ማዶ ሆና የበኩር ልጇን አርግዛ ነበር። የበኩር ልጅ ደግሞ በእነሱም በእኛም ወግ እናት ቤት ነው የሚወለደው። እናትየዋ መኝታዋን አሰናድታ ትጠብቃት ጀመር። ድንበሩ የተዘጋው በዚህ መሃል ነው።

የሰፈራው ካድሬ ሰፋሪውንም አገሬውንም ሰብስቦ ምክንያቱን ነገረን። አገራችን የአፍሪካ አብዮት ፋና ወጊ ናት፤ ጭቁኖችን ነፃ የማውጣት ታሪካዊ አደራ አለባት፤ የሱዳን መንግሥት ግን የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ ነው። እኛ ልጆቻችንን በወባ እየቀበርን ጎረቤት ነፃ ልናወጣ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። የወዳጄ ባል ዓረብኛ ስለሚሰማ የካርቱምን ሬዲዮ ይከፍታል። "እዛም እንደዚህ ነው የሚለው" አለኝ። "እኛ ነው የእስልምና ጋሻ፣ እኛ ነው የዓረብ በር ጠባቂ፣ ኢትዮጵያ ጠላት ነው ይላል።" ሁለቱም አገራቸው ለትልቅ ነገር የተፈጠረች ትመስላቸዋለች፤ ለትልቅ ነገር ተፈጥሬያለሁ የሚል ደግሞ ይቅር በለኝ ማለት ይሞትበታል። መንገዱም እንደተዘጋ ሰነበተ።

ያን ዕለት ስብሰባው ሊያበቃ ሲል እናትየዋ ተነስታ ነበር።

"ሁለት ሰውዬ ተጣላ። ሽማግሌ የለም? እኛ ፍየል ይሰጣል፣ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ይታረቃል።"

ሰፋሪው ሁሉ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። "የመደብ ጠላት በፍየል አይታረቅም" አላት።

እሷ ግን የምሯን ነበር። በእነሱ ዘንድ ደም እንኳ የሚደርቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ የማይገባበት ጠብ አለ ብሎ የነገራት የለም። ብዙም ሳይቆይ የመንደሯ ሽማግሌዎች ከማዶዎቹ ጋር ሊመክሩ እሷ የሰጠቻቸውን ፍየል እየነዱ ወደ ኩርሙክ ሄዱ። ኬላው ላይ የእኛው ወታደሮች ፍየሏን አርደው በሉ፤ ሽማግሌዎቹን ሰላይ ናችሁ ብለው አሰሯቸው። ንዴቴ ዛሬም አልበረደልኝም።

ልጅቷ ምጥ ላይ ሞተች። መርዶውን ያመጣው በጫካ ተሹለክልኮ የተሻገረ ነጋዴ ነው። ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። ልጮህ ስል እናትየዋ አፌን በመዳፏ ዘጋችው። ለቅሶ ብትቀመጥ ማን ነገረሽ ትባላለች፤ ነጋዴው ይያዛል፣ የታሰሩት ሽማግሌዎችም ይብስባቸዋል። ይህን ሳስብ ጩኸቴን ዋጥኩ። ሁለታችንም በሩን ዘግተን ተቀመጥን።

በገበያ ቀን እንደ ልማዷ ባምያዋን ዘርግታ ተቀመጠች፤ እኔም ከጎኗ። ካድሬው ሊገዛ መጣ። ከልቡ አስቦላት ይመስለኛል፣ "ልጅሽስ? ተገላገለች?" ሲል ጠየቃት።

"ደህና ነው" አለችው፣ ባምያውን እየሰፈረችለት።