የዘይነባ ትሪ

ከደሴ የወጣሁ ማታ ዝናብ ይጥል ነበር። ሁለተኛ ስደቴ ነው። ሰው አገሩ ገብቶ ኖሮ እንደገና ሲሰደድ ሸኚውም ያንሳል፤ እናቴ ብቻ በር ድረስ ወጣች። «እዚያ ስትደርሺ ለብቻሽ እንዳትበዪ» አለችኝ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል።» የእኔ ልብ ግን ምግብ ላይ አልነበረም። ስኳሬ ተነሥቶብኛል፣ የከፈትኩት የጨርቅ ሱቅ ከስሮ ተዘግቷል፣ ዜግነቴ ደግሞ የአሜሪካ ነው። ድሮ የኖርኩበት ኮሎምበስ ከተማ ተመልሼ መንግሥት ለዜጋው የሚሰጠውን ልጠይቅ ነው የተነሣሁት።

ያረፍኩት ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር፣ ዘይነባ ቤት ነው። ድሮ አብረን መጥተን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስንቀይር የኖርን ጓደኛዬ ናት። እኔ በቃኝ ብዬ አገሬ ስገባ እሷ ቀረች። የቀረ ሰው እንዴት እንደሚያምርበት ልንገራችሁ፤ ቤት ገዝታለች፣ ልጇ ሐያት ነርስ ሆናለች፣ መኪናዋ ገና ከቤት ሳትወጣ ሞቆ ይጠብቃታል። የዚህ አገር ብርድ ደግሞ እንደ ደሴው ጦሳ ተራራ ብርድ ፀሐይ ሲወጣ የሚለቅ አይደለም። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ አሜሪካ ባለ ሰው ሁሉ ትቀኑ ይሆናል። እኔ የምቀናው አብራኝ መጥታ ባልተመለሰችው ነው። በቤቷ ብቻ መሰላችሁ? በጥርሷም ቀናሁ፤ ኢንሹራንሷ አሠርቶላት ስትስቅ ሙሉ ነው።

ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ራት ላይ ትሪውን ታቀርብና ሥጋውን ወደ እኔ እየገፋች «ብዪ እንጂ ፋጤ» ትለኛለች። እኔ ጉርሻዋን እየቆጠርኩ እውጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ከዘይነባ እጅ መውጣት።

ዳውንታውን፣ እርዳታ የሚጠየቅበት ቢሮ ድረስ ያደረሰችኝም እሷው ናት፤ ከሥራ ኦፍ ወስዳ አጠገቤ ተቀመጠች። የቢሮው ሠራተኛ እነዚህን ሁሉ ዓመታት የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ።

«አገሬ» አልኳት።

«አሁንስ የት ነው የምትኖሪው?»

«አገሬ ተመልሻለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። የቱ አገርሽ እንደሆነ ወስኚ እንዳትለኝ ፈራሁ፤ ደግነቱ እሷም ሥራ ስለበዛባት አለፈችው። የሕክምናው ነገር ብዙም አላስቸገረም። የምግብ መግዣው እርዳታ፣ ፉድ ስታምፑ ላይ ስንደርስ ግን፣ ከዘይነባ ጋር ምግብ የምንገዛውና የምናበስለው አብረን ነው ወይስ ለየብቻ ብላ ጠየቀችኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ። የሰው ቤት ተቀምጦ፣ የቤቱ ባለቤት እየሰማች፣ እኔ ለብቻዬ ነው የምበላው የሚል ወሎዬ አለ? የሴትዮዋን ስም ማጥፋት አይደለም ወይ? ኮራ ብዬ «አብረን ነው፤ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው» አልኩ። ዘይነባም ደስ ብሏት ራሷን ነቀነቀች።

ያከበርኳት መስሎኝ የራሴን እንጀራ ዘጋሁ። ለካ አብሮ የሚያበስል ሰው እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራል፤ የእነሱ ገቢ ከእኔ ባዶ ጋር ተደምሮ አይገባሽም ተባልኩ። ሐያት ስትሰማ ሳቀች። «አንቲ፣ ጀስት ሴይ ሰፐሬት፤ ለየብቻ ነው በያቸው» አለችኝ።

እናቷ ተቆጣች። «በውሸት አትፈርምም፤ ሐራም ነው» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «አብሽሪ ፋጤ። ለምን እውነት አናደርገውም?»

አደረግነው። የፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ የእኔ ሆነ፣ አንድ ድስት ለየችልኝ፣ ዘይቴም በርበሬዬም ለብቻው ተቀመጠ። እንደገና አመለከትኩ፣ ተፈቀደልኝ። የምግብ መግዣው ካርድ በመጣ ጊዜ ምስሬን ገዛሁ፣ በድስቴ ሠራሁ፣ በሰሃን አድርጌ ሶፋው ጥግ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ነይ ብላ እንዳትጠራኝ ቃሏ ያዛት፣ እኔም ልሂድ ብል ፊርማዬ ያዘኝ። ቢሮው ይህን ያህል አይጠይቅም ይሆናል፤ እኛ ግን አላህን ፈራን። እናትና ልጅ ትሪያቸውን ከበው ይጎራረሳሉ። ይኸው ከእጇ ወጣሁ። ወጥቼም ቀናሁ፤ አሁን ደግሞ በትሪው።

እሑድ ምሳ ላይ እናቴ ደወለች። በልቼ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደምበላ ጠየቀችኝ። ዘይነባ ቤት ነኝ እኮ ብዬ አድበሰበስኩ። እናቴ የዋዛ አይደለችም፤ እስቲ እሷን አገናኚኝ አለች። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ዘይነባ፣ ልጄን እያበላሽልኝ ነው?»

ዘይነባ ትሪውን አየች፣ እኔን አየች። ለቢሮ ያልዋሸች ለእናቴ እንደማትዋሽ አውቃለሁ። ሐያትም መጉረሷን አቆመች። ከዚያ ዘይነባ ከትሪው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ተነሣች፣ ሶፋው ድረስ መጣችና አፌ ውስጥ ከተተችው።

«አዎ እማማ፣ ይኸው እያጎረስኳት ነው» አለች።

እናቴ አልሐምዱሊላህ አለች። «አንቺስ ፋጤ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

አፌ ሙሉ ነው። ጉርሻው ይጣፍጣል፣ ሥጋ አለበት። የምታጎርሰው እሷ፣ የምጎርሰው እኔ መሆኔ ግን እያንገበገበኝ ቀስ ብዬ አላምጣለሁ፤ እናቴ ከወዲያ ማዶ መልሴን ትጠብቃለች።