ባዶው ሰማይና የማማው ሰውዬ

ሥዕሌ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰቅሏል፤ በሩን ሲያልፉ በስተግራ ነው። የገባ ሁሉ መጀመሪያ ማሽላ የሚያጭዱትን ሰዎች ያያል። ከዚያ ዓይኑ ሽቅብ ይሄድና «ይሄ ሁሉ ወፍ ከየት መጣ?» ይላል። እኔ የማነብ መስዬ ደብተሬ ውስጥ እስቃለሁ። ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ከኔ በላይ ማን ያውቃል!

መጀመሪያ አንድም ወፍ አልነበረም።

የኛ ሰፈር ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ነው። አጨዳ የምናጭደው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ ለኛ ያጭዳል፣ ሌላ ቀን እኛ ለነሱ። በኛ ቀን ምሳ አድርሼ ስመለስ ዞር ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ መስመር ጎንበስ ብሎ፣ ከፊቱ ማሽላው ቆሞ! ሮጬ ቤት ገባሁና ቺፕውድ ቁራጭ ላይ መሣል ጀመርኩ።

ፊት መሣል አልችልም። ስለዚህ ጀርባቸውን ሣልኩ። ከደብረ ሲና የመጣው የሥዕል መምህራችን፣ ሙቀታችንን እስካሁን ያልለመደው፣ ላቡን እየጠረገ «ፊታቸውን መደበቅሽ ትልቅ ሐሳብ ነው» አለኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው አንገቴን ነቀነቅኩ። «ዳራውን ግን አታጨናንቂው» አለ፤ «ባዶ ሰማይ ዓይን ያሳርፋል።» ከቢሮ በር የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም ሰጠኝና ሰማዩን አለበስኩት። እውነቱን ለመናገር ሰማዬ የቢሮ በር ይመስል ነበር።

የወላጆች ቀን ሰፈርተኛው ሥዕሉን ከበበው።

«ይቺ የኔ ወገብ ናት!»

«ያንተ ወገብ መቼ ጎንብሶ ያውቃል? ያንተስ ያ ውሃ የሚጠጣው ነው!»

እናቴ ሥዕሉ ላይ ሻርፗን አይታ አፏን ያዘች። እኔ በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም።

ያኔ ነው ጎረቤታችን የመጡት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ጎርናና። ጀርባዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አዩ። ደግመው ከቀኝ ወደ ግራ አዩ።

«እኔስ?»

በአጨዳው ቀን እሳቸው ማሳው ዳር ማማ ላይ ቆመው፣ ገና ያልታጨደውን ማሽላ ከግሪሳ ወፍ ሲጠብቁ ነው የዋሉት፤ በወንጭፍና በጩኸት። ማማው ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ዳራው እንዳይጨናነቅ ብዬ ተውኩት።

«ጋሼ፣ አንቱማ ማማ ላይ ነበሩ» አልኳቸው።

«እኮ! ጉሮሮዬ እስካሁን አልተመለሰም። ለካ አልመጣሁም ኖሯል!» ብለው ወጡ።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ውቂያ ነበረን። አውድማው ላይ የተከመረውን ማሽላ የሚያበራዩት በሬዎች ደግሞ የሳቸው ናቸው። በወላጆች ቀን ማግስት «በሬዎቹ ደክመዋል» የሚል መልእክት መጣ።

«ወላሂ አልደከሙም» አለ አባቴ። «ዛሬ ጠዋት አጥር ሲያፈርሱ አይቻቸዋለሁ።» ከዚያ ሰማዩን አየ፤ የኔን ሳይሆን የእውነቱን። ደመና ነበረው። «ክምሩን ዝናብ ካገኘው ዓመቱን ሙሉ ሻጋታ ልንበላ ነው።»

«አባ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንቺው አስታርቂን።»

ሥዕሉን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ማማውን ሣልኩበት፣ ላዩ ላይ ሰውዬውን አቆምኩ። ሩቅ ስለሆነ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። እናቴ አየችና «ይሄ እሳቸው ናቸው? ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ እንጂ!» ብላ በሳቅ ወደቀች። እኔም ሳቄ መጣ፣ ልቅሶዬም መጣ፣ የቱ እንደሚቀድም ጠፋኝ። ባተልቃቸው ማሳው መሀል የቆመ ግንብ ሊመስሉ ነው። ባሳንሳቸው ይኸው ዶሮ።

እንዲህ ስሆን ጋሼ ከራሳቸው ማሳ «ሃይ! ሃይ!» ሲሉ ሰማሁ። ከማሽላው ላይ ወፉ ግር ብሎ ተነሳና ሰማዩን ሞላው። ዘልዬ ቆምኩ። የሰውዬው ሥራ ለካ ማማው ላይ አይደለም የሚታየው፣ ሰማዩ ላይ ነው!

ጥቁር ቀለም አልነበረኝም። የእናቴን ኩል አነሳሁ።

«ኩሌን!» ስትል ግማሹ ሰማይ ወፍ ሆኗል። የቀረውን በተፈጨ ከሰል ሞላሁት። እጄም አፍንጫዬም ጠቆረ።

ዓርብ ከሰዓት ከአባቴ ጋር ተሸክመን ወሰድነው። ጋሼ ደጃቸው ላይ ወንጭፍ ይገምዳሉ። ቀና ብለው አዩ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ትንሽ ነኝ።»

«ወፎቹን ይዩዋቸው» አልኩ። «ሁሉም ካንቱ እየሸሹ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ጋሼ።»

በጣታቸው ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው ሄዱ። ድንገት «ማሻአላህ!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ። «አንቺ፣ ነይ እዪ! እነዚህ ታች ያሉት ተረጋግተው የሚያጭዱት በማን ይመስልሻል? በኔ ነዋ!»

አባቴ እንኳን ፈገግ አለ። ጋሼ ግን ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

«ይቺኛዋ ወደ ማሽላው እየተመለሰች ነው።»

እውነት ነው፣ ቸኩዬ አንዷን ገልብጬ ሥያታለሁ። «አጠፋታለሁ!» አልኩ፣ በክንዴ ልጠርጋት።

እጄን ያዙኝ። «ተያት። ነገ በሬዎቹን ሳመጣ አባርራታለሁ።»

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትወጣ በሬዎቹ ደጃችን ነበሩ፤ ዝናቡ የመጣው ማሽላው ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። መምህሬ አሁንም «ያቺን ወፍ አስተካክያት» ይለኛል። እኔ አልነካትም። የጋሼ ናት።