አያ ሙላት በጥርሳቸው ያዳምጡት የነበረው ሞተር

ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ። አጥርቼ ያልሰማሁ መስሎኝ ነበር። ልጃቸው የሺ ያንኑ ደገመችልኝ። አባቷ ማለዳ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ቁጭ ባሉበት አርፈዋል።

አያ ሙላት ሞቱ ብዬ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ ጠዳ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሱቃቸው በር ላይ የውሃ ፓምፕ ፈታተው ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። አያ ሙላት የሞተር ጠጋኝ ነበሩ። የወፍጮም ይሁን የፓምፕ፣ የመጣላቸውን ይሠራሉ። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ እናቴ ቫኪዩም ነው፤ ያ አቧራ እየሳበ ምንጣፍ የሚያጸዳው ማሽን።

እናቴ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እየዞረች ምንጣፍና ሶፋ ታጸዳለች። ያሳደገችን በዚሁ ነው። ማሽኑን የሰጠቻት እናቴ ድሮ ቤቷ ተቀጥራ ትሠራላት የነበረች አንዲት ፈረንጅ ናት፣ አገሯ ስትገባ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ሆዱ ብረት፣ ክብደቱ የሰባ ሙክት። የእናቴ ደረት ደግሞ አቧራ አይችልም። ሐኪሙ መጥረጊያ የሚባል ነገር በእጅሽ እንዳትነኪ ብሏታል። ስለዚህ ያ ማሽን እንጀራዋም ትንፋሿም ነው።

አንድ ሁዳዴ ላይ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ጩኸት ስላችሁ፣ ጎረቤት ሰው የሞተብን መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ።

እናቴ የስፌት መኪና ዘይት ሲጠጣ አይታለችና፣ ይሄም ቅባት አጥቶ ነው ብላ ለፋሲካ ካስቀመጠችው ቅቤ ቀነስ አድርጋ በቀዳዳው ጨመረችለት። ጾም እኮ ነው ስላት፣ እኛ እንጹም እንጂ እሱን ማን ከለከለው አለችኝ። ጥቂት ቀን ዝም አለ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ቅቤ ሸተተ፣ ማሽኑም ከበፊቱ ብሶ ጮኸ። ያሳየነው ሁሉ ጣሉት አለን። እናቴ ጨነቃትና መጥረጊያ አነሳች። ሳምንቱን ሙሉ ስትስል ከረመች።

እንግዲህ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ጠዳ፣ አያ ሙላት ዘንድ ሄድን።

የአያ ሙላት ጆሮ ከደከመ ቆይቷል። ሰው ሲያናግራቸው አፍ አፉን ነው የሚያዩት። እኔም በልቤ፣ እኚህ ሰው የሞተር ድምፅ እንዴት ሊለዩ ነው ብያለሁ። እሳቸው ረጅሙን ካቻቢቴ አንስተው ጫፉን የሚዞረው ሞተር ላይ አሳረፉት፤ እጀታውን በጥርሳቸው ነክሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለካ በአጥንታቸው ነው የሚሰሙት። ከዚያ ከአፋቸው አውጥተው፣ ለሁሉም ሞተር የሚሏትን አሉ።

"አልሞተም። ጠምቶት ነው።"

ሲፈቱት ቆሜ አየሁ። መልሰው ሲገጥሙ እንዳይሳሳትባቸው ክፍሎቹን በምስማር ጫር ጫር አደረጉ። የማራገቢያው ብሎን የሚፈታው በተቃራኒው ነው፤ የማያውቅ ሰው ይሰብረዋል። ከዚያ ኩሽኔታው መጣ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳሱ ቀለበት ማለት ነው። መዶሻ አልነኩም። ከመኪና ባሌስትራ ብረት ራሳቸው በሠሯት መንቀያ ቀስ እያሉ ሳቡት። ሽፋኑን በመርፌ ገለጥ አድርገው፣ ውስጡ የጠቆረውን ቅባት በጣታቸው አሽተው አሸተቱና እናቴን ቀና ብለው አዩዋት።

"ምነው እቴ፣ በሁዳዴ አስገደፍሽው?"

እናቴ ሳቀች። ስቃ ስቃ ሳሉ ተነሳባት፣ አልለቅ አላት። አያ ሙላት ሳሏን አልሰሙትም፣ ግን አዩት። በርጩማዋን ከሱቁ አቧራ አውጥተው ዛፉ ሥር አስቀመጧት። ተራው የአንድ ባለ ወፍጮ ነበር፤ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀው የእሷን አስቀደሙ።

ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ ጥቃቅኖቹ የብረት ኳሶች እስኪያብረቀርቁ። ግራሶ ሲቀቡት በጣም ትንሽ ነው የቀቡት። ይጨመርበት እንጂ ብላቸው፣ ከሞላ ይግላል፣ እሱም መተንፈሻ ይፈልጋል አሉኝ። ገጥመው ሲያስነሱት ጩኸቱ ጠፍቶ የነፋስ ድምፅ ብቻ ቀረ። ካቻቢቴውን እንደገና ነከሱ።

"ሸጋ" አሉ።

ፈጣሪ ለሰው የሚሰጠው ጥበብ ዛሬም ይገርመኛል። ጆሮው ሲዘጋ በጥርሱ በኩል መንገድ የሚያገኝ ሰው አይቻለሁ፣ እመሰክራለሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሁዳዴ ሳይገባ እንወስድላቸው ነበር፤ ማሽኑም ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።

ዛሬ እናቴን ሳረዳት አላለቀሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ማሽኑን አቅፋ ወጣች። ወዴት ነው ብዬ ተከተልኳት።

"ቤታቸው ሰው ሊሞላ ነው። ለቀስተኛ አቧራ ላይ አይቀመጥም" አለችኝ።

ይሄን የምጽፈው ከደጃፋቸው ነው።

አያ ሙላት፣ እናቴ ሳሎንዎን እያጸዳች ነው። የሺ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፣ አሁን እያለቀሰች ወንበር ታነሳላታለች። ምንጣፍዎ ብዙ አቧራ ይዟል፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ የእናቴን ደረት አዳምጣለሁ።

ደህና ይሁኑ አያ። እጅዎ ይረፍ። እናቴ እስካሁን አልሳለችም።