ከውስጥ የተንኳኳ በር

በእጄማ የቤተክርስቲያኑን በር ገና ሳይሰጡት ሰርቶ ጨርሶት ነበር፤ በአፉ። አናጢው ነው እንግዲህ። ወሬውን ሁሉ “በእጄ” ብሎ ስለሚጀምር እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ “በእጄ” ሆኖ ቀረ። ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ፣ ቀብር ሄዶ እንኳ፣ ሰው እንባውን እያፈሰሰ፣ ሳጥኑን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ “ይሄ በእጄ ቢሆን ኖሮ ሟቹም ይመቸው ነበር” ብሏል።

አሮጌው የቤተክርስቲያን በር ሊቀየር ነው ሲባል እንቅልፍ አጣ። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ስራውን ሊነካለት፣ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ። የሚፎካከረው ደግሞ ዝምተኛው አናጢ ነው፤ ያ “ደህና ዋልክ” ሲሉት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ የሚያልፈው።

እሁድ ቄሱ “ቀኝህ የምትሰራውን ግራህ አትወቅ” የሚለውን አስተማሩ። በእጄ ሲወጡ ጠብቆ ያዛቸው።

“አባ፣ እኔ እኮ እንደሱ ነኝ። እንደኔ ስራውን የሚደብቅ አናጢ የለም። ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።”

“ተባረክ ልጄ። እንግዲያው አንተ ዝም በል፣ ስራህ ያውራ። ማክሰኞ ቤትህ መጥቼ አየዋለሁ።”

እየበረረ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ “መጀመሪያ የሽንት ቤቱን በር አትሰራውም? ከውስጥ ሲቀረቀር አልከፈት ይላል” አለችው።

“በእጄ የሰራሁትን በር ማን ይነካዋል?”

እሱስ እውነቱን ነው፣ ማንም አልነካው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ በታገተ ቁጥር በጎበጠ የማንኪያ እጀታ ፈልቅቃ የምታስወጣው እሷ ናት፤ ለሰው ተንፍሳ አታውቅም። እሱማ እዚያ ገብቶም ወሬ ስለማያቋርጥ በሩን ዘግቶት አያውቅም።

ማክሰኞ ቄሱ መጡ። ጠረጴዛውን ዳበስ፣ ቁምሳጥኑን ከፈት እያደረጉ ሲያዩ በእጄ ከጭንቀቱ የተነሳ ሆዱ ታወከ። “አንዴ” ብሎ ሽንት ቤት ገባ። ቄስ ተቀምጠው እንዴት ክፍት ይተወው፣ ቀረቀረው።

ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ኳ፣ ኳ።

“ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ?” አሉ ቄሱ።

“ደህና ነኝ አባ። ጥንካሬውን እያሳየሁዎት ነው። በእጄ የሰራሁት በር ሌባ አያስገባም።”

“ባለቤቱንም አያስወጣም።” ቄሱ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። “‘አንኳኩ ይከፈትላችኋል’ የተባለው ከውጭ ለቆመ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።”

ሚስቱ ቃል ሳትተነፍስ ማንኪያዋን ይዛ መጣች። ቀጭ፣ በሩ ተከፈተ። ቄሱ ማንኪያውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ “አየህ፣ ስራ ሲያወራ እንዲህ ነው” አሉ።

የቤተክርስቲያኑን በር ዝምተኛው ሰራው፤ በትንሽ ጣት ገፋ ቢያደርጉት ይከፈታል። በእጄ ግን ያን ቀን ከሽንት ቤት ወጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ?

“አባ፣ የማንኪያዋን እጀታ ያጎበጥኩት እኔ ነኝ። በእጄ።”