ከባሎቴ ድስት የሚጎድለው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሐዋሳ መጥታ ነበር። ክብደት ልቀንስ ብላ የምትበላውን ሁሉ በስልኳ ትመዘግባለች። ቆጮና ጎመን በቅቤ ሠርቼ ሳቀርብላት፣ ከቦርሳዋ ትንሽ ሚዛን አውጥታ ሳህኗን አስቀመጠችበትና፣ «እማዬ፣ ቅቤው ስንት ማንኪያ ነው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ፤ በእጄ ነው የምገምተው» አልኳት።

«ሰው የሠራውን መብላት ችግሩ ይሄ ነው። ካሎሪው አይታወቅም» ብላ ሳቀች።

አብሬያት ልስቅ ነበር። ግን የሚዛኑ ቁጥር ከፍ ዝቅ ሲል ሳየው ሳቄን ተውኩት። ልጄ የተቀየምኳት መሰላት። አልተቀየምኩም። ሁምቦ ትዝ ብሎኝ ነው።

ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሰሜን ጦርነት አለ፤ በእኛ በኩል ደግሞ በልጉ ቀርቶ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። የእኛን ከተማ ሶዶን የሚያውቅ ሰው የጠዋቱን ቅዝቃዜ ያውቀዋል። ከዚያ ቅዝቃዜ ወጥቶ ወደ ሁምቦ የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ ሹራቡን ያወልቃል፣ እታች ሲደርስ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። በዚያ ዓመት ጥላም አልነበረም። ዛሬ አረንጓዴ ለብሰው የምናያቸው ኮረብታዎች ያኔ ድንጋያቸው አፍጥጦ ነበር።

ሥራዬ የሰው ምግብ መመዘን ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት እንደ እኔ ዲፕሎማ የያዙ ወጣቶችን ቀጥሮ በየመንደሩ አሰማራ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቤት ተሰጠን። እዚያ ቤት አራት ቀን እንውላለን። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ እንመዝናለን፤ ለእያንዳንዱ ሰው የቀረበውን ሳህን፣ የተረፈውንም እንመዝናለን። ከዚያ ቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ ስንት ካሎሪ እንደበላ ይሰላል። ከተወሰነው መጠን በታች የሆነ ቤት እህል ያገኛል፤ በላይ የሆነ አያገኝም። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረብን፦ ከቤቱ ምግብ አንዲት ጉርሻ መቅመስ ክልክል ነው። የቀመሰ ይባረራል። ስለዚህ ምሳዬን፣ ብስኩትና የተቀቀለ ድንች፣ ከቤት ውጭ ብቻዬን እበላ ነበር።

የደረሰኝ የአቶ ዳናና የሚስታቸው የወይዘሮ ባሎቴ ቤት ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏቸው። አምስት ሰው ብዬ መዘገብኩ። የበኩር ልጃቸው ቶማስ ዘምቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ቆስሎ የተመለሰ አንድ የሰፈሩ ልጅ «ሲወድቅ አይቻለሁ» ብሎ ስለተናገረ መንደሩ ተሰብስቦ አልቅሶለታል።

የመጀመሪያውን ቀን ምሳ አልረሳውም። የበቆሎ ኩርኩፋ፣ የተድቦለቦለ ሊጥ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተቀቅሎ፣ ዳጣ የሚባለው የቃሪያ ድቁስ ጣል ተደርጎበት። ቤቱ ከውጭው ብርሃን ለሚገባ ሰው ድቅድቅ ጨለማ ነው። በአንድ በኩል የቀርከሃ ግርዶሽ አለ፤ ከኋላው የከብቶቹ ማደሪያ ነበር። ከብቶቹ ግን ተሸጠው አልቀዋል። ድስቱን መዘንኩ። አቶ ዳና ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። ሁላችንም ጨፈንን። ጸሎታቸው ረጅም ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ እንግዳዋም ስለ እኔ። አሜን ከተባለ በኋላ ሳህኖቹን መዘንኩ፤ የተረፈውንም መዘንኩ። ሁለት መቶ ግራም ያህል ጎደለ።

ሚዛኑ ነው አልኩ። ወደ ሱቅ ሄጄ ያልተከፈተ አንድ ኪሎ ስኳር አስቀመጥኩበት፤ ልክ አንድ ኪሎ አለ። ለራትም ያንኑ ያህል ጎደለ። በሁለተኛው ቀንም፣ ጎዳሬ ሲቀቀል፣ ያንኑ ያህል። የሚሰርቅ ሰው አንዴ ብዙ፣ አንዴ ትንሽ ይወስዳል። ይሄኛው ግን አንድ ሰው በልቶ የሚነሣው ያህል ነው።

በዚያ ቀን አመሻሹ ላይ ወደማድርበት ትምህርት ቤት ስሄድ አንዲት ጎረቤት ተከተለችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ቤት ትበያለሽ?»

«አልበላም። ለምን?»

«እንዳትበዪ። ባሎቴ ከልጇ ለቅሶ ወዲህ ደህና አይደለችም። ለሞተው ታቀርባለች። እኔ ራሴ ስታወራው ሰምቻለሁ» አለችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲመልስላትም ሰምቻለሁ» አለችኝ።

በቤተክርስቲያን ያደግኩ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም። ሆኖም በማግስቱ እዚያ ቤት ስገባ ጀርባዬን ለግርዶሹ መስጠት አልቻልኩም። ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ልጆቹ እሳቱን እያዩ ተቀምጠዋል። ከባዶው በረት ውስጥ ትንፋሽ ሰማሁ። ከብት የለም። ድመትም የለም። የታፈነ፣ ለሳል የሚቃጣው ትንፋሽ ነው። ባሎቴ ወዲያው ድስቱን በማማሰያው መታ መታ አደረጉት፤ ትንፋሹ ቆመ።

ድስቱን መዘንኩ። አቶ ዳና ጸሎት ጀመሩ። እኔ ግን ዓይኔን አልጨፈንኩም።

ባሎቴም አልጨፈኑም ነበር። ከድስቱ ቀስ ብለው በቅል ቀዱና በግርዶሹ ሥር ባለች ክፍተት አስጠጉት። ከጨለማው እጅ ወጣ። የወንድ እጅ ነው፤ አጥንቱ የሚቆጠር፣ አቧራ የመሰለ። ቅሉን ይዞ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ልጮኽ አፌን ስከፍት የባሎቴ ዓይን ዓይኔ ላይ አረፈ። ልመና ነበረበት። አቶ ዳና አሁንም እየጸለዩ ናቸው። ጸሎቱ ለምን እንደሚረዝም ያን ጊዜ ገባኝ።

ከምግቡ በኋላ ባሎቴ እንጨት ልልቀም ብለው ጠሩኝና ከቤቱ ራቅ አልን።

«ልጄ፣ አየሽ?»

«አየሁ። ማነው?»

«ቶማስ ነው።»

«ሞቷል ተብሎ...»

«ካለቀስንለት በኋላ መጣ። በእግሩ። ወር ሙሉ ተጉዞ። ከጦሩ ጠፍቶ ነው፤ ቢታይ ይወስዱታል። ስለዚህ እንደሞተ ይቅር አልን» አሉ። ከዚያ መዝገቤን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «እዚህ ላይ ትጽፊዋለሽ?» አሉኝ።

መዝገቤን አቅፌ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ መዝገቡን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰው ብዬ ብጽፍ ቤቱ እህል ያገኛል፤ ግን የስም ዝርዝሩ ለቀበሌ ይደርሳል። አምስት ሰው ብዬ የጎደለውን እንደበሉት ብቆጥር ካሎሪው ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ይልና እህሉ ይቀራል። ደግሜ ደጋግሜ አሰላሁት። በቅጹ ግርጌ በቤተሰቡ ላይ የማይቆጠር አንድ ያልተሞላ ረድፍ ነበር፦ «እንግዳ»። በእያንዳንዱ ምግብ አንጻር እዚያ ረድፍ ላይ የጎደለውን ግራም ሞላሁ፤ አጠገቡ የራሴን ስም ጻፍኩ። አራተኛውንም ቀን እንዲሁ አደረግኩ።

ሱፐርቫይዘራችን አቶ ጌታሁን ቅጹን አይቶ ጠራኝ።

«አስቴር፣ ከረሃብተኛ ቤት፣ ሳታቋርጪ በላሽ?»

«በላሁ።»

«ራትም ምሳም? ያውም ሁልጊዜ እኩል?»

«ይሰጡኛል፤ እበላለሁ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ፊቴ ከመጣሁበት ቀን ይልቅ ከስቶ ነበር፤ ይህንን እሱም ያየው ይመስለኛል። ቅጹን ፈርሞ ተቀበለና በማግስቱ አሰናበተኝ። ቤት ስገባ አባቴ ለምን እንደተባረርኩ ሰምቶ ነበር፤ ለአንድ ወር ያህል በደንብ አላነጋገረኝም። የባሎቴ ቤት እህሉን እንዳገኘ አብራኝ ትሠራ ከነበረች ልጅ ሰማሁ።

ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ የቤታችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ባሎቴ ቆመዋል። ሰው እየጠየቁ ነው የመጡት። ውሃ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው።

«ቶማስ ሄደ» አሉኝ።

«ወዴት?»

ቀና ብለው አዩኝ። መሄዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ገባኝ።

«ያ ሳል ነው የወሰደው። የሞተ ሰው ሐኪም ቤት እንዴት ይወሰዳል? አባቱ ከማሳው ጀርባ ብቻውን ቆፈረ። እኔ ጨርቅ አፌ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ቢሰማ ምን እላለሁ? ለእሱ እኮ አልቅሰን ጨርሰናል። ሦስት ወር ሆነኝ ልጄ፣ አንዴም ድምፄን አላወጣሁም። ከቤታችን ሰው ውጭ መኖሩን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ ያወጡት ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። እኔም አብሬ ጮህኩ። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እያጣፉ እየሮጡ ገቡ። እናቴ ከገበያ ደርሳ በር ላይ ደንግጣ ቆመች። «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ዘመዳችን ነው፤ የእሳቸው ልጅ፤ ቶማስ» አልኩ። እናቴ እንዲህ ያለ ዘመድ እንደሌለን ታውቃለች። አየችኝ፤ ከዚያ ባሎቴን አየች፤ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከጎናቸው ተቀመጠች። ሰፈሩ ዳቦና ንፍሮ ይዞ መጣ። የማያውቁትን ልጅ ስሙን እየጠሩ አለቀሱለት። ባሎቴ ሦስት ቀን በእኛ ቤት ለቅሶ ተቀምጠው በሦስተኛው ቀን በመኪና ወደ ሁምቦ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም።

እነሆ አርጅቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በጸሎት ብዙ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ተቆጥቼ ስለተናገርኩት፣ ታመው ሳልጠይቃቸው ስለሞቱት። ያን ጊዜ በቅጹ ላይ ስለጻፍኩት ውሸትና ለጎረቤቶቻችን ስለነገርኩት ውሸት ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የቶማስን ፊት አላየሁትም። በሕልሜ ቢመጣ እንኳ እሱ መሆኑን አላውቅም። ሆኖም «ከቤተሰብሽ ማን ማን ሞተብሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ፣ አባቴንና እናቴን ጠርቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ሳላስበው የእሱን ስም እጨምራለሁ።