ለእህቴ ብቻ የነገርኳት

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ዓሣ አስጋሪ አግብታ ቆቃ ሐይቅ ዳር ትኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ጎረቤቷ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ትልቅ ሴት፣ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ይጠብቁኛል። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብዪ እንጂ! ከተማ አክስቶሻል» ይሉኛል።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ብዙ ዓሣ ሞቶ ዳር ላይ ተንሳፈፈ። ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ እንደሚወርድ የማያውቅ አልነበረም፤ አንዳንድ ቀን ውሃው የበሰበሰ ቆዳ ይሸታል። አለቃዬ ልኮኝ ውሃና ዓሣ ይዤ መጣሁ፤ ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ።

ውጤቱ ሲመጣ በውሃውም በዓሣውም ሥጋ ውስጥ ክሮሚየምና እርሳስ ተገኝቷል፤ ለሰው ጤና ከሚፈቀደው በላይ። አለቃዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አላየሽውም። ፋብሪካው የመንግሥት ነው። ይህን የሚያወራ ሰው ምን እንደሚባል አላጣሽውም።»

አላጣሁትም። አሻጥረኛ ነው የሚባለው። አሻጥረኛ ተብለው ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ። ወረቀቱ ካዝና ገባ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ እህቴን ጓዳ ይዣት ገባሁ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዓሣ እንዳትበዪ። የሐይቁንም ውሃ አትጠጪ።»

«ለምን?»

«አትጠይቂኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ፊቴን አየችና «እሺ» አለችኝ። ባሏ ግን ማስገሩን አልተወም፤ በምን ይደሩ?

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጎረቤቷ ጠሩኝ። «እህትሽ ዓሣዬን መለሰችብኝ። ምን አስቀየምኳት?»

«ኧረ ምንም! እርግዝናው ነው እማማ፣ ሽታው አስጠልቷት ነው።»

ሳቁ። «በይ የሷንም ድርሻ አንቺ ብዪልኝ።»

እምቢ ብል ይጠረጥራሉ ብዬ በላሁ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ እሾሁን እየለቀሙ ሥጋውን የልጅ ልጃቸውን ያጎርሷት ነበር።

እህቴ በሰላም ተገላገለች። ባሏ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ሥራ ሲያገኝ ሐይቁን ለቀው ሄዱ። ጎረቤቷ ግን የትም አልሄዱም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውነታቸው አብጦ ሞቱ ተባለ። ዓሣው ይሁን ሌላ በሽታ የመረመረ የለም፤ ዛሬም አላውቅም።

ለቅሶ ደረስኩ። ሰው ሲቀንስ ልጃቸውን፣ የሕፃኗን እናት፣ ወደ ጥግ ሳብኳትና ያንን ሁሉ ጊዜ የዋጥኩትን አወጣሁት። «ሕፃኗን ዓሣ አታብያት። ውሃው ተመርዟል።»

አልተቆጣችኝም፣ መቼ እንዳወቅሁም አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ታዲያ ምን ላብላት?» አለችኝ።

የናዝሬት አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ አብሬያት ተቀመጥኩ።