አርባ አንድ ሜትር ላይ

በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬያለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ጥርሴን ያስነክሰኛል። «መሣሪያው አይዋሽም» ያልኩት። ያልኩት ደግሞ አባቴ ሊሆኑ ለሚችሉ ሰው ነው።

ሥራዬ የኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ነው። ደብረ ታቦር ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ። ከዳይሬክተሩ ቢሮ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በመሬት ውስጥ የሚሄደው ኬብል ተበላሽቶ ኮምፒውተሮቹ ኔትወርክ አጥተዋል፤ ፈተና ደግሞ ደርሷል። ስደርስ ዳይሬክተሩ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጥፋተኛውን ነገረኝ።

«ጥበቃው ነው የቆረጠው። ድንች እተክላለሁ እያለ ግቢውን ሲቆፍር ነው የሚውለው።»

ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ማንም በማይፈልገው የግቢው ጥግ አንዲት መደብ ድንች አለቻቸው፤ ከቧንቧ በጀሪካን እየቀዱ ያጠጧታል። ያን ሰሞን ነጭ አበባ አውጥታ ነበር።

ቴስተሬን ቢሮው በኩል ካለው የኬብሉ ጫፍ ሰካሁት። በእጅ የሚያዝ፣ ከስልክ ወፈር የሚል ነገር ነው። በሽቦው ውስጥ ምልክት ይልክና ምልክቱ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ሽቦው ስንት ሜትር ላይ እንደተቆረጠ ይናገራል። አርባ አንድ አለ። ሜትሬን አወጣሁና ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው ፈለግሁ። ቅርብ የነበሩት ጥበቃው ናቸው።

«አባቴ፣ ይህችን ጫፍ ይያዙልኝና በኬብሉ መስመር ይሂዱልኝ።»

መስመሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ኬብሉ ሲቀበር ቆመው አይተዋል። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ ጫፉን ይዘው ሄዱ። አርባ አንድ ላይ «ይበቃል!» ብዬ ጮኽኩ። ቆሙ። አበባውን ላለመርገጥ አንድ እግራቸውን አንስተው፣ ድንቻቸው መሃል ቆሙ።

ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። በእውነት አጨበጨበ!

«ልጄ፣ ኬብሉ ሁለት ክንድ ወርዶ ነው የተቀበረ» አሉኝ ሽማግሌው። «የኔ ዶማ ስንዝር አይዘልቅም። ይልቅ ያ ታፔላ ሲተከል ነው ጥልቅ አርገው የቆፈሩ። እሱን አታዪውም?»

ታፔላው ዳይሬክተሩ በቅርቡ ያሠራው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስም በትልልቁ ተጽፎበት፣ የብረት እግሩ በሲሚንቶ ተተክሎ፣ በዚያው መስመር ወደ ቢሮው ጠጋ ብሎ ቆሟል። ኔትወርኩ መቼ ነው የጠፋው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። አንዲት ጥያቄ ትበቃኝ ነበር። ግን ቁጥር በእጄ ይዤ ሽማግሌ ምን አዳምጣለሁ!

«አባቴ፣ መሣሪያው አይዋሽም» አልኳቸው፤ ያውም ፈገግ ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፈ ዳይሬክተሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማይክ አነበበ። የመንግሥት ንብረት አበላሽተሃል፤ ይህም በባለሙያ ልኬት ተረጋግጧል፤ የሚቀጥለው እርምጃ ከሥራ ማሰናበት ነው። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ከዚያም እንደ እኩያው «አንተ፣ ና ተቀበል!» አላቸው። እኛ አገር ልጅ እንኳ ሽማግሌን እንዲህ ብሎ አይጠራም። እሳቸው ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ከሰልፉ በኋላ ቁፋሮ ተጀመረ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ድንቹን ከነአበባው ነቅለው ጣሉት፤ ሥሩ ላይ የተንጠለጠለው ፍሬ ገና የአውራ ጣት ጥፍር አያህልም። ሁለት ክንድ ወርደን ኬብሉን አገኘነው። ጭቃውን ጠርጌ ግራ ቀኙን በጣቴ ዳሰስኩት። ጭረት እንኳ የለውም።

ቴስተሬን አወጣሁና የተሞላበትን የኬብል ዓይነት አየሁ። ምልክቱ የሚሄድበት ፍጥነት እንደ ኬብሉ ዓይነት ይለያያል፤ ስለዚህ ቴስተሩ ምን ዓይነት ኬብል እንደሚለካ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እኔ ደብረ ታቦር ከመምጣቴ በፊት ሐሙሲት ከተማ ላይ የካሜራ ኬብል ስፈትሽ ውዬ፣ መሣሪያውን እንደዚያው ትቼዋለሁ። ከቦርሳዬ እንደ ትምህርት ቤቱ ዓይነት ትርፍ ኬብል አውጥቼ፣ አሥር ሜትር ለክቼ ቆረጥኩና ሰካሁት። አሥራ ሁለት አለኝ። ይህን ትናንት እንደደረስኩ ማድረግ ነበረብኝ፤ ሽማግሌውን ድንቻቸው ላይ ከማቆሜ በፊት ማድረግ ነበረብኝ! ዓይነቱን አስተካክዬ የትምህርት ቤቱን ኬብል እንደገና ፈተሽኩት። ሠላሳ አራት።

ሜትሩን ይዤ ወደ ጥበቃው ሄድኩ። እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም።

«አሁን እሳቸው ይያዙት» አሉኝ፣ ቁፋሮውን ሊያይ የመጣውን ዳይሬክተር በአገጫቸው እያሳዩ።

ዳይሬክተሩ ያዘ። ሠላሳ አራት ላይ ሳስቆመው ጀርባው ታፔላውን ነክቷል። ሲሚንቶውን ስንፈነቅል ኬብሉን ለሁለት ተበጥሶ አገኘነው።

«እንግዲህ የመሣሪያ ስህተት ነው» አለ።

«የእኔ ስህተት ነው።»

«ያው ነው። ደብዳቤውን ከፋይላቸው አወጣዋለሁ።»

አሁን አንቱታው ተመለሰለት። በማይክ ያነበበውን ደብዳቤ በመሳቢያ ሊሰርዝ ነው!

ኬብሉን ቀጥዬ ስጨርስ ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ በሩ ሄድኩ።

«ድንቹን ተይው፣ ይተከላል» አሉኝ። «ከሰልፉ ወዲህ ግን አንዱ ልጅ ‹ኬብል ቆራጩ› ብሎኝ አለፈ። እሱን ማን ሊነግረው ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ሰልፉ ላይ ሄጄ ማይኩን ጠየቅሁ። ዳይሬክተሩ ሰዓት የለንም አለ። ያለ ማይክ ጮኽኩ።

«ኬብሉን የቆረጠው የታፔላው ጉድጓድ ነው! ተሳስቼ የለካሁት እኔ ነኝ! አባታችን ምንም አላጠፉም!»

ከኋላ ያሉት «ምን አለች?» ተባባሉ። ደግሜ ጮኽኩ። ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ዞር ብዬ ወደ በሩ አየሁ፤ ሽማግሌው መዝጊያውን በአንድ እጃቸው ይዘው ቆመው ያዳምጣሉ። ይበቃል አላሉኝም። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኽኩ።